ገላውን ያወቀችለት መብራት

በቦንጋ መናኸሪያ ደምመላሽን የማያውቅ ሰው ከተገኘ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ዕድሜ ልኩን በእግሩ የሄደ ነው። ደምመላሽ ሾፌር ነው። አስፋልቱ ሳይመጣ ጭቃውን፣ አስፋልቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ ጉሙን እየገፋ ከቦንጋ ሺሺንዳ፣ ከሺሺንዳ ዋጫ ሰው ሲያመላልስ የኖረ የቅጥቅጥ ሾፌር። ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ደግሞ ከቁመቱ ጋር ሳይማከር ያደገ ነበር። ረዳቱን ሲቆጣ ማዶ ገበያ ያሉ ሴቶች «ደሜ ሊነሳ ነው» እያሉ ዕቃቸውን ይሸክፋሉ።

የሰውን ልብ የገዛው ግን በድምፁ አይደለም፤ በመቆሙ ነው። እጁን ላነሳ ሁሉ ይቆማል። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ከጫካ ስትወጣ ካየ፣ መኪናው ጢም ብሎ ቢሞላም ይቆማል፤ ተሳፋሪውን ይለማመጣል፣ እምቢ ያለውን ይቆጣል፣ ከዚያ ሴትዮዋን አስተኝቶ እንደ እንቁላል እየያዘ ያደርሳታል። ሒሳብ ቢሰጡት ይሳደባል። በዚያ መስመር ላይ የእሱ ውለታ የሌለበት ቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ይህ ውለታ ኋላ ምን ያህል እንደሚጎዳው ግን ያን ጊዜ ማን ያውቃል?

እንከንም ነበረበት። የሰው ሥራ አያምንም። ረዳቱ ያሰረውን ጭነት ፈትቶ እንደገና ያስራል፤ የተነፋ ጎማ በእግሩ ሳይመታ አይነሳም። በዓለም ላይ የሚያምነው አንድ ነገር ነበር፦ የመኪናውን ዳሽቦርድ። ጠዋት ከሁሉ በፊት የዳሽቦርዱን መስታወት በሹራቡ እጅጌ ይወለውላል። የዘይቷ መብራት ከበራች ባለሥልጣን ተሳፍሮም ቢሆን ዳር ይዞ ይቆማል። «ሞተር ምላስ የለውም፤ ያመመውን የሚናገረው በዚች ነው» ይላል።

ያው አለማመኑ ጣለው። ጊዜው የ2007 ክረምት ነበር፤ የሺሺንዳ ገበያ የቆመበት፣ ዝናብ ያላባራበት ቀን። ረዳቱ የቡና ኩንታሎቹን ጣሪያው ላይ ጭኖ፣ ገመዱን ወጥሮ ወርዷል። ደምመላሽ ቀና ብሎ አየና «ይሄን ነው አሰርኩ የምትለኝ?» አለ። ወጣ። ብረቱ በዝናብ ርሶ ያሟልጫል። ሲወድቅ ያዩት ሰዎች እንደሚሉት፣ ያ ሁሉ ድምፅ የነበረው ሰው አንዲት ቃል ሳይወጣው ጀርባው ድንጋይ ላይ አረፈ።

ጅማ ወሰዱት፣ ከጅማ አዲስ አበባ። አከርካሪው ተሰብሯል ተባለ። ሕይወቱ ተረፈች፤ ከወገቡ በታች ያለው ገላው ግን ከእሱ ጋር መነጋገሩን ተወ። እግሩን ቢቆነጥጡት አያውቅም፤ ሙቅ ውሃ ቢያፈሱበት አያውቅም። ሽንቱም መምጫውን አይነግረውም። ወደ ቦንጋ ተመልሶ የከተማው ሆስፒታል ሲተኛ ሽንቱን የሚያወጣለት ቱቦ ነበረው። ቱቦው ደጋግሞ ኢንፌክሽን ስላመጣበት ሐኪሞቹ አወጡት። ከዚያ በኋላ በተጣጠፈ ጨርቅና በአንሶላ ሆነ። ሕፃን ልጅ እንኳ ሲረጥብ ይቀዘቅዘውና ያለቅሳል፤ እናቱ ትሰማለች። ደምመላሽ ግን ሲረጥብም ሲደርቅም ያው ነው። ከወገቡ በላይ እየሳቀ፣ እያወራ፣ ከወገቡ በታች እርጥበት ውስጥ ሰጥሞ ይውላል።

ከወገቡ ዝቅ ብሎ ጀርባው ላይ የመኝታ ቁስል ወጣ። መጀመሪያ ቀላ ያለ ምልክት ነበር፤ ሲቆይ ተላጠ፣ ከዚያ ጎደጎደና የሎሚ ያህል ሆነ። ሐኪሙ አንድ ጠዋት አገላብጦ አየውና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሐኪም ሲቀመጥ ደግ አይደለም።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለ። «ይሄ ቁስል ከዘጋ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው ቤትዎ ይገባሉ። እንዲዘጋ ደግሞ ደረቅ መዋል አለበት። እርጥበት ካልለቀቀው ወደ አጥንት ይወርዳል። አጥንት ከደረሰና ወደ ደም ከገባ ግን...» ቀሪውን አልጨረሰውም።

ሚስቱ የሺሃረግ ግን በልቧ ጨረሰችው። የሺሃረግ አባቷ ከሸዋ መጥተው ቦንጋ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ያደገች፣ እንግዳ ሲመጣ ከመቀመጫዋ ቀድማ የምትነሳ፣ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ናት። ከወደቀ ጀምሮ ከአጠገቡ አልተለየችም። በየጊዜው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ታየዋለች፤ ከረጠበ ሲስተር አፀደን ትጠራለች፤ ሁለቱ ሆነው ያገላብጡታል፣ ያደርቁታል፣ ይቀይሩታል። ሲስተር አፀደ የክፍሉ ነርስ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ከእጇ የባሰ ፈጣን። ሁለት ሴቶች ይህን ያህል ደክመው ቁስሉ ለምን አልድን እንዳለ ለጊዜው ለማንም አልገባውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደምመላሽ የቆመለት ሰው ሁሉ አሁን ለደምመላሽ ሊቆምለት መጣ። ከሺሺንዳ ይመጣሉ፣ ከዋጫ ይመጣሉ፣ ከቢታ ገነት ሳይቀር ይመጣሉ፤ ማር ይዘው፣ ሙዝ ይዘው፣ ቆጮ ጠቅልለው። የመጠየቂያ ሰዓት የሚባል ነገር አለ፣ ዘበኛም አለ፤ ዘበኛው ግን ራሱ በደምመላሽ መኪና ሚስት ያመጣ ሰው ነው። ወንበር ሲያልቅ አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ አልጋው ሲሞላ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ። ከፊሉ በአማርኛ፣ ከፊሉ በካፊኖኖ ያጽናናዋል፣ እሱም በሁለቱም ይመልሳል፣ ይስቃል፣ ያስቃል። ያን ያህል መንገድ አቋርጦ የመጣን ሰው ማን «ውጣ» ይለዋል? በተከበሩ ሰዎች ፊትስ የባሏን ብርድ ልብስ ገልጣ «ረጥበሃል» የምትል ሚስት የት ትገኛለች? የሺሃረግ ነጠላዋን አጣፍታ ጥጉ ላይ ትቀመጣለች። ሲስተር አፀደ በበሩ ብቅ ትልና የሰውን ብዛት አይታ ትመለሳለች። ሰዓቱ ይሄዳል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ሰው ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ገትሮ መጠየቅ ነበር።

ለምያ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ለምያ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የአቶ ሱሀይብ ልጅ ናት። ጅማ የሕክምና መሣሪያ ምህንድስና ተምራ፣ ከመምህሮቿ ጋር የሠራችውን ነገር እዚያው ባደገችበት ከተማ በሕመምተኛ ላይ ልትሞክር ፈቃድ ይዛ መጥታለች። ሻሿን አጥብቃ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ አንግታ አልጋው አጠገብ ቆመች። ከቦርሳዋ ያወጣችው ስስ ጨርቅ ነበር። ጨርቁ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የብረት ክሮች ጎን ለጎን ተሰፍተዋል፤ ከጫፉ ሽቦ ወጥቶ የክብሪት ቤት ከምታህል ሳጥን ጋር ይገናኛል።

«ሴንሰር ይባላል ጋሽ ደምመላሽ» አለችው። «ከአንሶላው ሥር ይነጠፋል። እርጥበት ሲነካው ያውቃል፤ ሳጥኗ ትጮኻለች፤ ነርሶቹ ሰምተው ይመጣሉ።»

«ያውቃል?» አለ ደምመላሽ።

«አዎ፣ ያውቃል።»

«ከእኔ በፊት?»

«ከሁላችንም በፊት» አለች ለምያ።

በማንኪያ ጫፍ ውሃ ጨርቁ ላይ ጠብ አደረገችበት። ሳጥኗ ወዲያው ጮኸች። የሺሃረግ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደምመላሽ ግን ፊቱን ቅጭም አድርጎ «እስቲ እናያለን» አለ፤ የሰው ሥራ አያምንማ።

ማየቱስ አልቀረም። በማግስቱ የሺሺንዳ ሰዎች ክፍሉን ሞልተውታል። ከመሀላቸው እትዬ ታንጉት አሉ፤ ማር ነጋዴ ናቸው፣ ደምመላሽ በመኪናው ልጃቸውን ለሐኪም ያደረሰላቸው፣ እንደ ልጃቸው የሚያዩት። ወሬው ደርቷል። ድንገት ከብርድ ልብሱ ውስጥ «ቲው፣ ቲው፣ ቲው» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ደምመላሽ፣ ስልክህ ይጠራል» አለ አንዱ።

ሌላው የራሱን ኪስ ዳበሰ። ሦስተኛው ትራሱን አንስቶ አየ። ድምፁ አላቆመም። ደምመላሽ ፊቱ እየጠቆረ «ተዉት፣ ተዉት» ቢልም ማን ሰምቶት! እትዬ ታንጉት ከመቀመጫቸው ተነሱ። «መንቀሳቀስ አቅቶት ነው እንጂ! እኔ ላውጣልህ ልጄ» ብለው ብርድ ልብሱን ገለጡት።

ያዩትን አዩ። ቀስ ብለው መልሰው ሸፈኑት፣ ጫፉን ሁለት ጊዜ አስተካከሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ክፍሉ ሙሉ ሰው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ደግነታቸው ግን በዚያች ሰዓት ከስድብ የከፋ ነበር። ደምመላሽ ጣሪያውን እያየ እንባውን ዋጠ።

ሰው እንደወጣ «ይሄን ነገር ከሥሬ አውጡልኝ» አለ። የሺሃረግ ለመነችው፣ ሲስተር አፀደ ተቆጣችው፤ አልሰማም። «መኪናዬ ላይ ጥሩንባ የምነፋው እኔ ነበርኩ። በእኔ ላይ ማንም ጥሩንባ አይነፋም!» ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው።

ለምያ መጥታ ጨርቁን አነሳች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ነገር ግን አልተከራከረችም። ሳጥኗን ወስዳ ከፈተቻት፣ ድምፅ የሚያወጣውን ነቀለችና በምትኩ ቀይ መብራት ገጠመችባት። ከዚያ ጨርቁን ለአጎራባቹ ታማሚ አነጠፈችለት። አቶ ገብረወልድ ይባላሉ፤ የቢታ ገነት ገበሬ ናቸው፤ ስትሮክ ግማሽ ጎናቸውንና አንደበታቸውን ወስዶባቸው ከደምመላሽ ቀጥሎ ተኝተዋል። መብራቷ ነርሶቹ በሚያልፉበት በኩል መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ያ መስኮት ደግሞ ከደምመላሽ ዓይን ፊት ነው።

መጀመሪያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ግን ሾፌር ነው፤ የተገጠመች መብራት እያለች እንዴት ሌላ ያያል? ቀስ እያለ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ተተከለ። ደመናው ዝቅ ብሎ፣ የከተማው መብራት እንደ ልማዱ ሄዶ፣ ክፍሉ በቀን የጨለመበት ከሰዓት ነበር። አቶ ገብረወልድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል፤ አልተንቀሳቀሱም፣ አላቃሰቱም። መስኮቱ ላይ ያለችው መብራት በራች።

ሲስተር አፀደ መጣች፤ መጋረጃውን ሳበች፤ ሽማግሌውን አገላብጣ ቀየረቻቸው፤ መብራቷ ጠፋች። ሽማግሌው ደረቅ አንሶላ ላይ ሲያርፉ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አልጠየቃቸው፣ ማንም አላሸተተ፣ ማንም ብርድ ልብስ አልገለጠ። አንደበት የሌለው ሰው ነገሩ ተሰማለት።

«የሺ» አለ ደምመላሽ በቀስታ፣ «አየሽ?»

«አየሁ።»

«ሳይነኩት! ሳያዩት! ሰውዬው ራሱ ሳይናገር!» አለና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ያቺን መብራት መጠበቅ ሆነ። «አሁን ትበራለች» ይልና አትበራም። ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ሲያይ ትበራለች። ይህ የጨርቅ ቁራጭ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? አይጸየፍ፣ አይሰለች፣ አይተኛ፣ ሰው መጣ ብሎ አያፍር። በአገሩ ይሉኝታ የሌለው ነገር ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ግርምቱ ልቡን ሲሞላው ይታወቀዋል፤ ይሁን እንጂ ለእኔ መልሱልኝ ለማለት ኩራቱ ያዘው።

ከዚያ የዋጫ ሰዎች መጡ። የገበያ ቀን ነበር፤ ገበያቸውን ጨርሰው፣ ተጠራርተው፣ በአንድ መኪና ሞልተው። ደምመላሽ ደስ አለው። በጭቃ ተይዞ ያደረበትን ሌሊት፣ ሙሽራ ጭኖ የጠፋበትን መንገድ አወራላቸው፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በዚያ ሁሉ መሀል የአቶ ገብረወልድ መብራት በርታ ጠፋች፤ ቆይታም እንደገና በራች። መጋረጃው ተሳበ፣ ሽማግሌው ደረቁ። ደምመላሽ በዓይኑ ጥግ ያያል፤ ወሬውን አላቋረጠም።

እንግዶቹ ሲወጡ ሁለቱ ሴቶች አገላበጡት። አንሶላው ብቻ ሳይሆን ፍራሹ ርሷል። ዳር ዳሩ መያዝ ጀምሮ የነበረው ቁስል ተከፍቶ ይደማል። ወዲያው ትኩሳት ያዘው፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ሐኪሙ መጥቶ አየ፣ መድኃኒት አዘዘ፣ የሚነግረውን ቀድሞ ስለነገረው ዛሬ ሳይቀመጥ ወጣ።

ሲስተር አፀደ ጓንቷን አውልቃ ጣለች። «ጋሽ ደምመላሽ፣ ልብ ብለውታል? ገበያ በዋለ ቁጥር ነው የሚከፈተው። ሰው በወደደዎት ቀን ነው የሚብስብዎት።»

የሺሃረግ አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ሸቶኝ ነበር ደሜ። እንግዶቹም ሸቷቸዋል፤ ፊታቸውን አይቻለሁ። ግን ሰውን እንዴት ውጡ ልበል?»

ከትኩሳቱም ከቁስሉም ይልቅ ይሄ አንጀቱን ቆረጠው። ጥጉ ላይ ለቆመው እንግዳ እንኳ የደረሰ ወሬ ለባለቤቱ አልደረሰም። ስለ ገላው በክፍሉ ካለው ሰው ሁሉ መጨረሻ የሚሰማው እሱ ነው። ፍራሹ እስኪርስ ሙሽራ ስለጫነበት ቀን ያወራ ነበር! ሰው በገዛ ገላው ላይ እንግዳ ሲሆን ከዚህ የሚብስ ምን አለ?

ትኩሳቱ በረድ ሲልለት ለምያን አስጠራት።

«ልጄ፣ ያቺን ነገር መልሺልኝ» አላት። «ጥሩንባዋን ተይው። መብራቷን ብቻ። እና ከፊቴ አድርጊያት፣ እኔ እንዳያት።»

«ጋሽ ደምመላሽ፣ እኔ የሠራኋት ለነርሶቹ ነው፤ እነሱ አይተው እንዲመጡ።»

«እነሱም ይዩ። መጀመሪያ ግን ለእኔ ትንገረኝ። ሾፌሩ ወርዶ ዳሽቦርዱን ተሳፋሪ ሲያየው የት አይተሻል? ገላው የእኔ ነው።»

ለምያ ፈገግ አለች፤ ከመጣች ጀምሮ ያልታየ ፈገግታ ነበር። ሌላ ጨርቅ አመጣች። ሁለት መብራት አወጣችለት፤ አንዷን ለነርሶቹ ጠረጴዛ፣ አንዷን በብረት ማንጠልጠያ ላይ አድርጋ ልክ ከዓይኑ ፊት።

ያን ከሰዓት እንግዳ አልመጣም፤ አቶ ገብረወልድም ተኝተዋል። የሺሃረግ ብርቱካን ትልጣለች፤ እሱ መብራቷን ያያል። ምንም አልተሰማውም። ሙቀት የለ፣ ቅዝቃዜ የለ፣ ምንም። መብራቷ በራች።

«የሺ!»

ብርቱካኑን ጥላ ተነሳች። ብርድ ልብሱን ገለጠች፣ እጇን ሰደደች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያለው ነገር የሚነገር አልነበረም። «ገና ሙቅ ነው» አለች፣ «አሁን ነው። አሁን፣ በዚች ደቂቃ!»

ደምመላሽ ወደ እግሮቹ አየ፤ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ። ከዚያ መልሶ ወደ መብራቷ። ከወደቀ ጀምሮ ከወገቡ በታች የመጣለት የመጀመሪያ ወሬ ይህ ነበር። ተቆርጧል፣ ሞቷል ያለው አገር እንዳለ ነው፤ ይሠራል፣ ይኖራል፣ ወሬ የሚልክበት መንገድ ነው ያጣው። ይኸው አንዲት ልጅ ከሽቦ መንገድ ሠራችለት። አፉን ከፍቶ አለቀሰ። የሺሃረግ ያመመው መስሏት ስትደነግጥ «የለም፣ የለም» አላት፣ «ነገረችኝ እኮ! ለእኔ ነገረችኝ!» ሲስተር አፀደ የራሷን መብራት አይታ ስትገባ ባልና ሚስቱን ተቃቅፈው አገኘቻቸው፤ አንሶላ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

ግን ዋናው ፈተና አልመጣም ነበር። እንግዳ ሲመጣስ? መብራት ስለ በራ ይሉኝታ አይጠፋም። እትዬ ታንጉትና የሺሺንዳ ሰዎች እንደገና መጡ። ያለፈውን ያህል ክፍሉን አልሞሉትም፤ ግን ተቀመጡ፣ ወሬ ተጀመረ። የሺሃረግ ከጥጉ ሆና መብራቷን ታያለች። በራች። የሺሃረግ ብድግ አለች፤ እንግዶቹን አየችና መልሳ ተቀመጠች።

የተናገረው ደምመላሽ ነው። «ወገኖቼ» አለ በዚያ በመናኸሪያ ድምፁ፣ «ይቺ መብራት ስትበራ ገላዬ ረጥቧል ማለት ነው። እኔ አይሰማኝም፤ እሷ ናት የምትነግረኝ። ረጥቤ ከተኛሁ ቁስሉ ይገድለኛል። ስለዚህ ትንሽ ውጭ ጠብቁኝ፤ ልቀይርና እናወራለን።»

አንዱ ጫማውን፣ አንዱ ጣሪያውን አየ። እትዬ ታንጉት ቀድመው ተነሱ። «ምን ታፈጣላችሁ?» አሉ። «ተነሱ እንጂ! ሰውዬው ደህና ልሁን ነው የሚለው!» ሁሉም ተከትለዋቸው ወጡ። ዝናቡ እየጣለ በረንዳው ላይ ተደርድረው ቆሙ፤ አንድም የተቀየመ አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ይቀየማል ተብሎ የተፈራው ነገር፣ ቢጠይቁት ኖሮ በረንዳ ላይ ቆሞ ከመጠበቅ አያልፍም ነበር። ሲጠሯቸው ተመልሰው ገቡ፣ ወሬው ካቆመበት ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ የመብራቷ ዝና ከመኪናው በፊት ዋጫ ደረሰ። እንደ ወሬ ልማድ እየጨመረችም ሄደች። አንዳንዱ መብራቷ የሰው ደም ታነባለች አለ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ለምያን መንገድ ላይ አስቁማ፣ ባሏ ሲዋሽ የሚበራ እንዳላት ጠየቀቻት። እንግዶቹ ደግሞ አዲስ ሥርዓት አወጡ። ገና ሲገቡ መብራቷን ፈልገው ያያሉ። ስትበራ ደምመላሽ አፉን ሳይከፍት ተያይተው ይነሳሉ። ከዋጫ የመጣ ቀልደኛ «መብራት በርቷል፣ ውረዱ!» ሲል ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ራሱ ደምመላሽ ነበር። በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ያልተነገረ ነገር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ከአልጋ ሥር እንዲህ የሰውን አመል ለወጠ። የሺሃረግ ነገሩን ስታስበው ይገርማትና «አላህ ይስጣት፣ እግዜር ይስጣት» ትላለች፤ ለለምያ የትኛው እንደሚደርስ ስላላወቀች ሁለቱንም ትልካለች።

ሳምንታት አለፉ። ሲስተር አፀደ ፋሻውን በፈታች ቁጥር ደምመላሽ «እንዴት ነው?» ይላል፤ እሷም ተስፋ ላለመስጠት «ደህና ነው» ብላ ታልፋለች። ትኩሳቱ አልተመለሰም። ሽታው ጠፋ። ከዚያ በላይ ግን ማንም ደፍሮ የተናገረ አልነበረም።

አንድ ጠዋት በጎኑ አስተኝተው ፋሻውን ፈቱት። የሺሃረግ ከጀርባው ቆማለች፤ ለምያም ሽቦዋን ልታይ መጥታ ነበር። ሲስተር አፀደ የመጨረሻውን ጨርቅ አነሳችና ዝም አለች። የሺሃረግም ዝም አለች።

«ምነው?» አለ ደምመላሽ። «ምን ሆነ? ተናገሩ እንጂ! ከፋ?»

ሲስተር አፀደ ከእጅ መታጠቢያው በላይ የተሰቀለውን መስታወት አውርዳ ከጀርባው አስጠግታ ያዘች። «ይዙሩና ይዩ» አለችው።

አንገቱን አዙሮ በትከሻው በኩል አየ። ከወደቀ ጀምሮ ያን የገላውን ክፍል አይቶት አያውቅም ነበር። የሎሚ ያህል ጉድጓድ የነበረበት ቦታ ላይ ስስ፣ ሮዝ፣ አዲስ ቆዳ ተዘርግቷል። ገጥሟል። እንደ አራስ ልጅ ቆዳ ያንጸባርቃል።

ደምመላሽ ለረጅም ጊዜ አየ። «ይሄ የእኔ ነው?» አለ።

«የእርስዎ ነው» አለች ሲስተር አፀደ። «ዘግቷል። ወንበሩን እናምጣ።»

የሺሃረግ ጣቶቿን በጥንቃቄ ዘርግታ አዲሱ ቆዳ ላይ አሳረፈቻቸው። ደምመላሽ በመስታወቱ አየ። የሚስቱ እጅ እዚያ ነበር፤ ከእሱ ጀርባ ላይ፣ ከእሱ ቆዳ ላይ። ምናልባት አንዳች ነገር ይመጣል ብሎ ጠበቀ። ምንም አልመጣም።

«ነካሽው?» አላት።

«ነካሁት።»

«ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው ደሜ። ሞቅ ይላል።»

ሲስተር አፀደ ልብስ ልታለብሰው መስታወቱን ልታነሳ ስትል ደምመላሽ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ አስቆማት። «ትንሽ ያዢልኝ» አለ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል። «አንቺም እጅሽን አታንሺ። ልየው።»

የሺሃረግ እጇን አላነሳችም።